ያልተቀመጡት ሽማግሌ

ሰው ሚስቱን እንዴት እንዳገኘ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። ምን ብሎ እንዳሳቃት፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ እንዴት አድርጎ ልቧን እንደማረከ። እኔ ስለ ራሴ የማወራው ብዙ የለኝም። ሚስቴ ለእኔ በተሰጠችበት ሰዓት እኔ ክሬሰንት ታውን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ማሞቂያው የተበላሸ አሮጌ መኪና ውስጥ፣ ጥርሴን እያንገጫገጭኩ ቁጭ ብዬ ነበር። ሥራውን የሠራልኝ ሌላ ሰው ነው። ያውም ያን ዕለት ጠዋት የተዋወቅኩት ሰው። እስቲ ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ ሬክስዴል ነበር የምኖረው። ኤርፖርቱ አካባቢ ካለ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንድ ቤዝመንት ተከራይተን እንኖራለን። ቶሮንቶ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት ቤት እንደቀያየርኩ ብትጠይቁኝ እኔም አላውቀውም። ሻንጣዬን በደንብ ፈትቼ አላውቅም ማለት ይቀላል። ዘመድ የሚባልም የለኝም። አባቴን አላየሁትም። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ሞተች፤ ያሳደገችኝ የእናቴ ጓደኛም እኔ ካናዳ በገባሁ በዓመቱ አረፈች። የሚጠይቀኝ፣ የሚቆጣኝ፣ «የት አመሸህ» የሚለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ሞኙ፣ ይህን ነጻነት ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

ትዕግስትን ያገኘኋት ዳንፎርዝ ላይ፣ ጋሽ ግርማ ሱቅ ውስጥ ነው። እንጀራ የሚያመጣው መኪና ዘግይቶ፣ ቆመን ስንጠብቅ ወሬ ጀመርን። መኪናው መጣ፣ እንጀራው አለቀ፣ እኛ ግን ወሬያችን አላለቀም። ነርስ ለመሆን ትማር ነበር። በጨቅላነቷ ነው ከሱዳን ከወላጆቿ ጋር የመጣችው፤ አማርኛዋ ቅልጥፍ ያለ ነው፣ ስትናደድ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል። ዓመት ከምናምን ከቆየን በኋላ «እንጋባ» አልኳት።

«አባቴን ጠይቅ» አለችኝ።

«እሺ፣ ነገ መጥቼ አናግራቸዋለሁ።»

«ኖ ኖ ኖ! አንተማ አትመጣም። ሽማግሌ ነው የሚመጣው። ሊስን፣ ደሬ፣ እህቴ የሠራችውን አልደግመውም። ዳዲ እሺ ካላለ አላገባህም። ዛትስ ኢት።»

የእህቷን ነገር ሰምቼዋለሁ። ታላቅየዋ ቫንኩቨር ሄዳ ሥራ ይዛ ነበር፤ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ገብታ ፈርማ አገባችና የሠርጓን ፎቶ በኢሜይል ላከችላቸው። አባቷ አቶ ፈለቀ ፎቶውን አዩት፣ ኮምፒውተሩን አጠፉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ትዳር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ትዕግስት እንደምትለው አባቷ ያዘኑት ባገባችው ሰው አይደለም፤ ደጃቸው ሳይንኳኳ በመቅረቱ ነው። ሁለት ሴት ልጅ ወልደው ለአንዷ እንኳ ሽማግሌ ሳይላክባቸው ሊቀር ነው! እንግዲህ እኔ የምገባው እዚህ ቤት ነው።

ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ዘመድ የለኝ፣ ጎረቤት የለኝ። ሄጄ ለጋሽ ግርማ ነገርኩት። ጋሽ ግርማ ሃያ ዓመት ያለፈው የቶሮንቶ ሰው ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉም ሰፊ።

«ይኼማ የእኔ ሥራ ነው!» አለኝ ደረቱን እየመታ። «አንተ ዝም ብለህ ሱፍህን አስተኩስ። ቄሱን እኔ አናግራቸዋለሁ። እሳቸው ይባርካሉ፣ እኔ እናገራለሁ፣ በቃ!»

ቀኑ እሁድ ከሰዓት ተባለ፣ ለእነ ትዕግስትም ሽማግሌ እንደሚመጣ ተነገራቸው። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ ቄሱ ወደ እኛ መጥተው፣ አንድ ምዕመን ሆስፒታል ሊያርፍ ነው፣ ንስሓ ሊቀበሉት መሄድ እንዳለባቸው ነገሩን። ምን ይባላል? የሚሞት ሰው ጠብቅ አይባልም። ሌላ ቀጠሮ እንዳይያዝ፣ አቶ ፈለቀ ገና ከመጀመሪያው የተቀለደባቸው ይመስላቸዋል።

«አትደንግጥ» አለኝ ጋሽ ግርማ። «የጎደለን ሽበት ነው። ሽበት ደግሞ እዚህ ግቢ ሞልቷል።»

ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ በሩ አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ አረፈ። ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ጫማቸውን ለማድረግ ይታገላሉ። ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጫማውን በከዘራቸው ጫፍ ወደ እግራቸው ይጎትቱታል። ጋሽ ውብሸት ይባላሉ። ልጃቸው የልጅ ልጆች እንዲጠብቁላት አምጥታቸው ነበር፤ ልጆቹ አደጉ፣ እሷም ለሥራ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደች፣ እሳቸው ሲኒየሮች፣ ማለትም አረጋውያን፣ በሚኖሩበት ሕንፃ ብቻቸውን ቀርተዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጠዋት ለእኔ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ።

ጋሽ ግርማ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያጠለቀላቸው፣ «ጋሽ ውብሸት፣ ዛሬ ከሰዓት ቀጠሮ አለዎት?» አላቸው።

«ቀጠሮማ አለኝ። ከመስኮቴ ጋር።»

«ሽማግሌ ጎድሎብን ነው። ለዚህ ልጅ።»

ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የማንም» አልኳቸው፣ ለቀልድ ያህል እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «የማንም የሚባል ልጅ የለም» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። «መኪናህ የት ነው?»

ይኸው ነው። ማናት አላሉ፣ አባቷ ማን ነው አላሉ፣ ስንት ሰዓት እንቆያለን አላሉ።

መኪና ውስጥ ወግ ወጉን ለጋሽ ግርማ ያስታውሱት ጀመር። «ስማ ግርማ፤ የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። ‹ተቀመጡ› ይሉናል፣ እኛ ‹ስለ እግዚአብሔር፣ ጉዳይ አለን› እንላለን። እሺ ሳንባል ተቀመጥን ማለት ጉዳያችንን ትተን እንግዳ ሆንን ማለት ነው።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ጋሽ ግርማ። «እኔን? እኔ እኮ ስንቱን ያጋባሁ ሰው ነኝ!»

ክሬሰንት ታውን ደርሰን ከሕንፃው ፊት ለፊት አቆምኩ። ያ ሰፈር ሕንፃው ሁሉ ስለሚመሳሰል እንዳይሳሳቱ ፈርቼ፣ ቤቱ ገብተው ሲያበቁ እንዲደውሉልኝ ለመንኳቸው። የጋሽ ግርማ ስልክ ባትሪ የለውም፤ የጋሽ ውብሸት ግን ልጃቸው የገዛችላቸው፣ ትልልቅ ቁጥር ያላት ስልክ ነበረቻቸው። ቁጥሬን አስገባሁላቸውና አረንጓዴዋን ተጭነው እንዲደውሉ፣ ሲጨርሱ ቀይዋን ተጭነው እንዲዘጉ አሳየኋቸው። «አረንጓዴ ለመክፈት፣ ቀይ ለመዝጋት» ብለው እንደ ተማሪ ደገሙልኝና ተደጋግፈው ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ።

«ገብተናል» አሉ ጋሽ ውብሸት በሹክሹክታ። ከዚያ ኮሽታ፣ የጨርቅ ድምፅ። ስልኳን ደረት ኪሳቸው ከተቷት። አልዘጓትም።

መዝጋት ነበረብኝ። ሽማግሌና አባት የሚነጋገሩትን ጆሮ ጠቢ ሆኖ መስማት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ እናንተ ትዘጉ ነበር?

«እንደምን ዋላችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። አቶ ፈለቀ ናቸው። «ኧረ ካፖርታችሁን አምጡ፣ ብርዱ ጨረሳችሁ» አለች እናትየው፣ እትዬ ዘነበች። ከዚያ አቶ ፈለቀ፣ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

ወዲያው የሶፋ ስፕሪንግ ሲጮህ ተሰማኝ። ቀጥሎ «እፎይ!» የሚል ድምፅ። የማን ይመስላችኋል? የጋሽ ግርማ! ስንቱን ያጋባው ሰውዬ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ!

እኔ መኪናዬ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩ።

«ደግ ነው» አሉ አቶ ፈለቀ። ድምፃቸው ውስጥ ፈገግታ ይሁን ቁጣ አልለይ አለኝ። «ተቀምጣችኋል። እንግዲያው እንግዶቼ ናችሁ። ዘነበች፣ ምሳ አቅርቢ።»

«ኧረ አቶ ፈለቀ፣ እኛ እንኳን የመጣነው…»

«ለምሳ ነው የመጣችሁት። ለሌላ የመጣ ሰው መች ይቀመጣል?»

አለቀልኝ አልኩ። በገዛ ሽማግሌዬ ተሸነፍኩ! ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቋት የኖሯት ቀን መጥታ፣ የመጣው ሽማግሌ ወግ የማያውቅ ሆነ። እሳቸው ደግሞ ወግ ካልሆነ ሌላ ምን ቀራቸው?

«እርስዎስ አባቴ፣ አይቀመጡም?» አሉ አቶ ፈለቀ።

«እኔ አልተቀመጥኩም» አሉ ጋሽ ውብሸት። ስልኳ ደረታቸው ላይ ስላለች ድምፃቸው ጆሮዬ ሥር ነው። «እሱ ደክሞት ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ጉዳይ አለኝ፤ ልጅዎን ለልጃችን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ አቶ ፈለቀ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ለስንት ዓመት ሲያዘጋጁት የኖሩት ጥያቄ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ልጁ የማን ልጅ ነው?»

«አባቱን አላውቀውም። እሱም አያውቀውም።»

«እናቱስ?»

«በሕይወት የለችም።»

«እርስዎ ከልጁ ጋር ምን ያህል ትተዋወቃላችሁ?»

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ።»

ክው አልኩ! መሪውን በቡጢ ስመታው ጥሩምባው ጮኸ፤ የገበያ ከረጢት ተሸክሞ በመኪናዬ ፊት የሚያልፍ ሰውዬ ዘሎ ገላመጠኝ። ምናለ ትንሽ ቢዋሹልኝ! ምናለ «ከልጅነቱ ጀምሮ» ቢሉ!

«አባቴ» አሉ አቶ ፈለቀ፣ አሁን ድምፃቸው ሻከረ። «በዚህ ሽበትዎ ሊያላግጡብኝ ነው የመጡት?»

«መዋሸት አያቅተኝም ነበር» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ሽማግሌ ልጁን ያሞግሳል፣ ያልሠራውን ሠራ ይላል። ግርማ ያን ሁሉ አጥንቶ መጥቷል።» ጋሽ ግርማ ሲያስል ሰማሁ። «እኔ የማውቀውን ነው የምነግርዎ። ልጁ ሰው የለውም። ሰው ባይኖረውም ግን ሰው ለምኖ ደጅዎ ላከ። ምን አስገደደው? እዚህ አገር ሁለት ወጣት ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ቢፈርም ማን ይከለክለዋል? ልጅዎም ለአካለ መጠን የደረሰች ሰው ናት። አልሄዱም። እርስዎን ብለው ነው ያልሄዱት።»

የማዘጋጃ ቤት ነገር ሲነሣ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«አንዷ ሄዳለች» አሉ አቶ ፈለቀ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ሰምቻለሁ። እኔም ፎቶ የደረሰኝ አባት ነኝ።»

«እንግዲያው ይገባዎታል። እኔ ልጄን መያዝ ፈልጌ አይደለም። ግን ነገ ቢበድላትስ? አገር ቤት ቢሆን አባቱ አለ፣ አጎቱ አለ፣ መንደሩ አለ። እዚህ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ካልጋሪ ገባ ማለት ውኃ በላው ማለት ነው። ቢበድላት እኔ የማንን በር ነው የማንኳኳው?»

«የእኔን» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«ዋስ ነኝ እያሉኝ ነው? ዛሬ ጠዋት ላወቁት ሰው?»

«ዋስ ነኝ። የሲኒየሮቹ ቤት፣ አምስተኛው ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ ሲወጡ በስተግራ። በማንኛውም ሰዓት ያንኳኩ። ጉልበቴ ስለሚይዘኝ ትንሽ ይጠብቁኝ እንጂ እከፍታለሁ።»

እንባዬ መጣ። አላፍርም፣ መጣ። በሕይወቴ ማንም «ስለ እሱ እኔን ጠይቁኝ» ብሎልኝ አያውቅም። ያ ቃል በእኔ ስም ሲነገር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከማላውቃቸው ሰው ኪስ ውስጥ።

ከዚያ የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ። «ፈለቀ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው!»

«አባቴ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አሉ አቶ ፈለቀ።

«ተቀመጥ ካሉኝ ሰጠሁ ማለትዎ ነው። ሰጡን?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው! እኔ የምለው ለጉልበትዎ ነው።»

«ጉልበቴን ይተዉት። እሱ ሐኪም ቤት የራሱ ቀጠሮ አለው።»

«ወጉም እኮ እንዲህ አይደለም! ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን ይመለሳል። መክረን፣ ዘክረን፣ በሌላ ጊዜ…»

«ልክ ነዎት፤ ወጉ ነው። ግቡና ምከሩ። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።»

«ኧረ በእመቤቴ!» አሉ አቶ ፈለቀ። «በጉልበትዎ ሊያስጨንቁኝ ነው?»

«ሌላ ምን አለኝ ብለው ነው?»

ከዚያ ከዘራው ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። ቀጥሎ እትዬ ዘነበች «ውይ በሞትኩት!» ብላ ጮኸች። ስልኬ በዚያች ቅጽበት ጭልም አለ። ብርዱ ባትሪውን ጨርሶት ነበር።

እንዴት ከመኪናው እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን የዘጋሁትም አይመስለኝም። የሕንፃው በር ላይ ደርሼ አንዲት ልጅ የያዘች ሴት ስትወጣ ሾልኬ ገባሁ። ካሉት አሳንሰሮች አንዱ ብልሽት የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የሚሠራው ደግሞ በየፎቁ ይቆማል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ አንዱ ብስክሌት ይዞ ይገባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ትዕግስትን አላሰብኳትም። ሠርጉንም አላሰብኩም። እኒያ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ወድቀው ከሆነ ምን ይውጠኛል? ማንን ይቅርታ እጠይቃለሁ? ቅዳሴ ሰምተው ወደ መስኮታቸው ሊሄዱ የነበሩ ሰው!

ፎቁ ላይ ደርሼ ኮሪደሩን ስሮጥ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ቀጥ አልኩ። ኡኡታ ነው? እልልታ ነው? ምንጣፉና ግድግዳው ድምፁን ውጠውት አልለይ አለኝ። ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና ሳሪ የለበሱ የባንግላዴሽ ሴትዮ ብቅ አሉ። ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ሠርግ ነው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«አላወቅኩም» አልኳቸው።

«ሠርግ ነው» አሉ እርግጠኛ ሆነው። «በእኛም አገር ሴቶች እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት።»

በዚህ መሐል የነትዕግስት በር ተከፈተና አቶ ፈለቀ ወጡ። ካፖርታቸውን በአንድ እጃቸው ብቻ አጥልቀዋል፤ በሌላው እጃቸው ባዶ ፌስታል ይዘዋል። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ነበር የማያቸው። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ወዲያው ገባቸው።

«አንተ ነህ?»

«አዎ… አባቴ… ወደቁ ብዬ ነው።»

«ሙሽራ በሽማግሌ ቀን ደጅ አይረግጥም። ነውር ነው። ደግሞ መውደቃቸውን ማን ነገረህ?»

ስልኩን ነገርኳቸው። ምን ላድርግ፣ ለመዋሸት አፌ እሺ አላለኝም። አቶ ፈለቀ ግንባራቸውን ያዙ።

«ሁሉንም ሰምተሃል?»

«ከዘራው እስኪወድቅ ድረስ።»

«እንግዲያው ዋናው አምልጦሃል» አሉኝ። «አልወደቁም። ሲዘነበሉ ዘልዬ አቀፍኳቸው። ሶፋው ላይ ላስቀምጣቸው ስል፣ እቅፌ ውስጥ ሆነው፣ እግራቸውን መሬት ላይ ገትረው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሰጡን?›»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ! ምን ይባላል?» ከዚያ ጣታቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። «አሁን በደንብ ስማኝ። ልጄን የሰጠሁት ለአንተ አይደለም። አንተን አላውቅህም። የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። እሳቸውን እንዳታሳፍር።»

ፌስታሉን እጄ ላይ አኖሩት።

«ጉልበታቸው አብጧል፣ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የለንም። ውረድና ከውጭ ሞልተህ ና። ነጩን፣ ንጹሑን። ውሻ ያልደረሰበትን!»

የመጀመሪያው የአማችነት ሥራዬ ይህ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ካለ አጥር ሥር ተንበርክኬ፣ ያለ ጓንት፣ ለአንድ ሽማግሌ ጉልበት የሚሆን በረዶ አፈስኩ። እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነበር።

ስመለስ ጋሽ ውብሸት ሶፋው ላይ እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሎ እንደ ንጉሥ ተቀምጠዋል። ትዕግስት ከመኝታ ቤት ወጥታ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች፤ የነርስ ትምህርቷን ልትፈትንባቸው ጉልበታቸውን ትነካካለች። እኔን ስታይ «ደሬ! ኦ ማይ ጋድ፣ አብደሃል?» ብላ ጮኸችና አቅፋኝ አለቀሰች። ጋሽ ግርማስ? ጋሽ ግርማ ምሳውን እየበላ ነበር። «አላልኩህም?» አለኝ በሙሉ አፉ። «የእኔ ሥራ ነው አላልኩህም?»

ጋሽ ውብሸትን ወደ ቤታቸው ስወስዳቸው መኪና ውስጥ ምን ብዬ ላመስግናቸው? «ጋሼ፣ ስልክዎን ሳይዘጉ ነው የገቡት፣ ሁሉን ሰማሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ቀይዋን መጫን የማላውቅ መሰለህ?» አሉኝ፣ በመስኮቱ የዳንፎርዝን ሱቆች እያዩ። «‹የማንም› አልከኝ እኮ። ይስማ ብዬ ነው።»

መኪናውን ዳር አስይዤ ማቆም ነበረብኝ።

«አታልቅስ» አሉኝ። «አታመስግነኝ። ገና ምኑን አየህ? ዋስ ሆኛለሁ እኮ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ጥፋት የእኔ ጥፋት ነው። እሁድ እሁድ እየመጣሁ አይሃለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ከተጋባን በኋላ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ እኔን አስወጥተው ትዕግስትን «በደለሽ?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም እኔን ለማስፈራራት ሆን ብላ ዘግየት ብላ ነው የምትመልሰው። በሠርጋችን ቀን ደግሞ ሁሉ እየጨፈረ እሳቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «እኔ በድርሻዬ ቆሜያለሁ» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰው ስለ ውለታ ሲያወራ ስለተሰጠው ነገር ነው የሚያወራው። እኔ ያን ቀን የተሰጠችኝ ትዕግስት ብቻ አልነበረችም። የሚያፍርብኝ ሰው ተሰጠኝ። ይህን ነገር ያላጣው ሰው አያውቀውም። እኔ እስከዚያ ቀን ባጠፋ ጥፋቴ የራሴ፣ ብሰክር ስካሬ የራሴ፣ ከተማ ጥዬ ብጠፋ «የት ሄደ» የሚል የለ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ አለቃዬ ሲሰድበኝ፣ ዕቃውን ወርውሬበት ልወጣ እጄን ስዘረጋ፣ አንድ በር ሲንኳኳ ይታየኛል፤ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሻሹ ሊከፍቱ ሲነሡ ይታየኛል። እጄን እመልሳለሁ። ትዕግስትን ተቆጥቻት በሩን ዘግቼ ልወጣ ስል ያው ነው። ሻንጣዬን የፈታሁት ያኔ ነው። የውጭ አገር ሰው ብቸኝነትን ሲያማርር እሰማለሁ፤ ብቸኝነት ማለት ለእኔ የሚያፍርብህ ሰው ማጣት ነው። እናንተም ካላችሁ ጠብቁት። የሌለውን ሰው ካያችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ቁሙለት።

ጋሽ ውብሸት ያረፉት የመጀመሪያ ልጃችን ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ነው። ጉልበታቸው ከተሠራላቸው በኋላ ደህና ይራመዱ ነበር፤ የያዛቸው ሌላ ሕመም ነው። ልጃቸው ከሩቅ መጣች፣ እኔም እንደ ልጅ ከሬሳ ሣጥኑ አንዱን ጎን ያዝኩ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው መበታተን ሲጀምር አቶ ፈለቀ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንግዲህ ዋስህ ሞተ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ነገ ልጄን ብትበድላት የማንን በር ላንኳኳ ነው?»

መልሴን አልጠበቁም። የአንገት ልብሴን እንደ ሕፃን ልጅ አስተካከሉልኝ፣ ጫፉን ካፖርቴ ውስጥ ከተቱልኝ።

«የራሴን አንኳኳለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው አታስቸግር። ዋስህ እኔ ነኝ።»